የራሱ ጌታ የተባለው ሹፌር

አስኮ፣ ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኢብሲቱ። ከሁሉ አስቀድሞ አንቺም፣ ባለቤትሽ ሙሊሳም፣ ልጆቻችሁም ሰላም ናችሁ ወይ? ያን ሁሉ በረዶ የሚያቀልጥ አምላክ ጤናችሁን አይንሳችሁ። እኛ በሕይወት አለን። እትዬሽን ወርቂቱን ደም ግፊቷ ከፍ ዝቅ እያለ ቢያስቸግራትም ትወጣለች ትገባለች። እኔ ከጉልበቴ ሌላ የማማርረው የለኝም።

የልጄን የጎንፋን አስከሬን ላገሩ አፈር ያበቁትን ሁሉ አመስግኚልኝ። ቤት ለቤት ዞረው ያዋጡትን እግዚአብሔር በልጆቻቸው ይካሳቸው። አንቺን አላመሰግንም፤ ሰው የገዛ ልጁን አያመሰግንም። እናትሽ፣ እህቴ፣ ካረፈች ጀምሮ በዚህ ቤት ከጎንፋ ጋር ባንድ ሳህን እየበላሽ አድገሻል። ዲቪ ደርሶት ሲመጣ የተቀበልሽው፣ በሽተኛ በምታመላልሱበት ድርጅታችሁ የሹፌርነት ሥራ የሰጠሽውም አንቺ ነሽ።

በስልክ ያልጠየቅሁሽን በወረቀት ልጠይቅሽ ነው። በስልክ እንዳልጠይቅ ወርቂቱ ከጎኔ አትጠፋም። ደግሞም ሃያ ሰባት ዓመት በሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሆኖ የኖረ ሰው ወረቀት ካልያዘ እጁ ባዶ ይመስለዋል። በዚህ እንኳ ልትስቂብኝ ትችያለሽ።

ከአስከሬኑ ጋር የላክሽውን ሻንጣ እናቱ ወርቂቱ ሰማንያው ሳይወጣ አይከፈትም ብላ አልጋ ሥር አስቀምጣው ነበር። ባለፈው ሳምንት ከፈትነው። በወፍራሙ ጃኬት ኪስ ውስጥ አራት ላይ የታጠፈ ደብዳቤ አገኘሁ። ከዚያ ስቴት የሥራ አጥ መድን ቢሮ የተጻፈ ነው። እንግሊዝኛዬ የድሮ ቢሆንም በመዝገበ ቃላት እየተረዳሁ አነበብኩት። ጎንፋ ከኦክቶበር ወር ጀምሮ ሥራ አጥ መሆኑን ገልጾ እንዳመለከተ፣ ነገር ግን በስሙ የተመዘገበ ምንም ደመወዝ እንዳልተገኘ ይናገራል። የተጻፈው ኖቬምበር 2 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 22።

አንቺ የካቲት ላይ ስትደውዪ "ወደ ሥራ ሲሄድ መኪናው ውስጥ ልቡ ቆመ" አልሽን። ለለቀስተኛው ሁሉ እንዲሁ ብለን ተናገርን። ልጄ፣ ጥቅምት ላይ ሥራ ያጣ ሰው የካቲት ላይ ወደ የትኛው ሥራ ነው የሚሄደው? ሌላ ሥራ ይዞ ከነበረ ንገሪኝና ልረፍ።

አጎትሽና አሳዳጊሽ፣
ኤጀታ


ኒው ሆፕ፣ ጁን 9, 2024

ውድ ጋሼ፣

የእርስዎንና የእትዬን ጤና የሰማይ አባት ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። ልጆቹ ትምህርት ዘግተዋል፣ ሙሊሳም እንደ ወትሮው ሥራ ነው።

ጋሼ፣ ስለዚያ ወረቀት አይጨነቁ። እዚህ አገር ቢሮ ለሞተም ላለም ይጽፋል፤ የደብዳቤ ሳጥናችን በየቀኑ ይሞላል። ደመወዝ አልተገኘም ያለው ሹፌሮቻችን በሙሉ ኮንትራክተር ስለሆኑ ነው። ኮንትራክተር ማለት የራሱ ጌታ ነው። ታክሱን ራሱ ይከፍላል፤ እኛም ለመንግሥት የሥራ አጥ መድን አንከፍልለትም፤ ስለዚህ ስሙ እነሱ መዝገብ ላይ አይወጣም። ጎንፋም ሲጀምር አንብቦ ነው የፈረመው። እዚህ ያለው የሐበሻ ትራንስፖርት ብዙው እንዲህ ነው የሚሠራው፤ እኛ የፈጠርነው አይደለም።

ኦክቶበር ላይ አንድ ትልቅ ክሊኒክ ውሉን አቋረጠብንና ጎንፋን ለጊዜው አሳረፍኩት። ወደ ሥራ ሲሄድ ያልኩት ሥራ ሊጠይቅ ሲሄድ ለማለት ነው። በዚያ ሰዓት አፌ የሚለውን አላውቅም ነበር።

ወረቀቱን ለመንገደኛ ሰጥተው ቢመልሱልኝ እዚህ ከሌሎቹ ጋር አስቀምጠዋለሁ፤ እዚያ ለምንም አይጠቅምዎትም። ይህን ደብዳቤ ላመጣችው ልጅ ለእትዬ መድኃኒት የሚሆን ትንሽ ነገር ሰጥቻታለሁ። ሲያልቅ ይንገሩኝ።

አንድ ነገር ልንገርዎት። ሚስ ቨርኒስ የሚባሉ አሮጊት አሉ፣ ፊሊፕስ ሰፈር የሚኖሩ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት የምንወስዳቸው። አራት ዓመት ሙሉ ጎንፋ ነበር የሚያመላልሳቸው። ባለፈው ማክሰኞ ላነሳቸው ብሄድ ኮታቸውን አውልቀው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። "ወንድምሽ አሁን አድርሶኝ ሄደ" አሉኝ። ለክሊኒኩ ደወልኩ፣ አልመጡም ተባልኩ። እርጅና ነው። ለምን እንደጻፍኩልዎት አላውቅም።

ልጅዎ ኢብሲቱ


አስኮ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኢብሲቱ። የክረምቱን ዝናብ በልክ የሚሰጥ አምላክ ለአንቺም ቤት በልኩ ይስጥ። የላክሽው ደርሶናል፤ የወርቂቱ መድኃኒት ተገዝቷል፣ ተባረኪ።

ወረቀቱን ግን አልመልስልሽም። ቅር አይበልሽ። ከመንገደኛ እጅ የሚጠፋ ወረቀት ብዙ አይቻለሁ።

በፊተኛው ደብዳቤዬ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ከቢሮው ደብዳቤ ጋር አንድ መጠይቅ ተያይዟል፤ ጎንፋ በገዛ እጁ ሞልቶታል። ሁሉንም ሞልቶ ፊርማው ላይ ሲደርስ ትቶታል። ቀን ብቻ ጽፏል፣ ኖቬምበር 19። የልጄን የእጅ ጽሑፍ ታውቂዋለሽ፤ ወደ ግራ የተጋደመ ነው። ሳነበው ድምፁ ይሰማኛል፤ እየተቀመጥኩ እየተነሳሁ ነው የጨረስኩት።

ሥራ የምትጀምርበትን ሰዓት የሚወስነው ማነው ይላል። "ኢብሲቱ ማታ ማታ በቴክስት ትልክልኛለች" ብሎ መልሷል። መኪናው የማን ነው? "የድርጅቱ፣ ቫን ቁጥር አራት። ኮፍያና ሸሚዝም የድርጅቱ ስም ያለበት ሰጥተውኛል።" በአንተ ፈንታ ሌላ ሰው መላክ ትችላለህ? "አልችልም። አንድ ቀን ትኩሳት ሲይዘኝ ኩምሳን ብልክ ሁለተኛ ብትደግመው አለችኝ።" የታዘዝከውን ጉዞ እምቢ ማለት ትችላለህ? "አንድ ጊዜ ብያለሁ። እናቴ ሐሞቷን ኦፕራሲዮን የሆነች ቀን ነው፣ ስልክ ለመጠበቅ። በሚቀጥለው ሳምንት ጉዞ አልተሰጠኝም።"

እኛ መሥሪያ ቤት አዲስ ለሚቀጠር ተቆጣጣሪ የምንነግረው አንድ ቃል ነበር፤ "የውሉን ስም ተወውና ሥራውን ጠይቅ።" የሸክላ ፋብሪካው ባለቤት ሠራተኞቹን "ተጫራቾች" ይላቸው ነበር። የጨርቅ ፋብሪካው "ቤተሰቦቼ" ይላቸው ነበር። ስሙ እያማረ በሄደ ቁጥር ደመወዙ እያነሰ ይሄዳል። የራሱ ጌታ የሆነ ሰው እናቱ ስትታከም ስልክ ለመጠበቅ ማንን ያስፈቅዳል?

የሠራተኛውን ቃል አንብቤአለሁ። የሚቀረኝ አሠሪዋን መጠየቅ ነው። ልጄ በመጠይቁ ላይ የጻፈው እውነት ነው ወይስ ሐሰት?

ወርቂቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ጎንፋ ቫኑን የሚያጥብበትና የሚደውልበት ሰዓት ነበር። ተይ አልላትም፤ አንዳንዴ እኔም አብሬያት እቀመጣለሁ።

ኤጀታ


ኒው ሆፕ፣ ኦክቶበር 20, 2024

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ፣ እትዬስ? እግዚአብሔር ያበርታዎት። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ።

እውነት ልንገርዎት፣ ደብዳቤዎ አስቀይሞኝ ነበር። ልጅዎ መሆኔ ቀርቶ ተከሳሽ ሆንኩ አልኩ። አሁን ግን ተከሳሽ የሚያደርገኝ ሌላ መጣ። ኩምሳ፣ ያው ጎንፋ ትኩሳት ይዞት በፈንታው የላከው ልጅ፣ ነሐሴ ላይ ከሥራ ሲወጣ ለአንኢምፕሎይመንት፣ ለሥራ አጥ መድኑ፣ አፕላይ አደረገ። ቢሮው የእሱን ሲያይ የሁሉንም ከፈተው። የዘጠኝ ሹፌሮች የአራት ዓመት መዝገብ አምጪ ተባልኩ፣ የጎንፋም አለበት። እነዚህ ሰዎች ሠራተኞችሽ ናቸው፣ መድናቸውን ያልከፈልሽው አንቺ ነሽ ብለው ወሰኑብኝ። ይግባኝ ብያለሁ። ዲሴምበር 11 ቀን በስልክ ሂሪንግ አለኝ፣ ዳኛ ፊት ምዬ ነው የምመልሰው።

ጋሼ፣ ቢፈረድብኝ ቤታችን ይሄዳል። ቫኖቹን ስንገዛ ቤቱን ነው መያዣ የሰጠነው። ሙሊሳ ከእኔ ጋር ማዕድ አይቀርብም፤ "ለሁሉም የተቀጣሪ ወረቀት፣ ደብሊው ቱ፣ እንስጣቸው ብዬሽ ነበር" ብሎ ከተናገረኝ ወዲህ ሌላ ቃል አልወጣውም። ብሎኛል፤ እውነት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነኝ።

አሁን የምለምንዎት ገንዘብ አይደለም፣ አንዲት ወረቀት ናት። ጎንፋ በሕይወቱ ሳለ "የራሴ ሥራ አለኝ፣ የማንም ተቀጣሪ አይደለሁም" ብሎ እንደነገረዎት ጽፈው ይፈርሙልኝ። የአባት ቃል ነው፣ ዳኛዋ ትሰማዋለች። ደግሞ ሌላም የሚያድነኝ አለኝ። ባለፈው ዓመት ኖቬምበር ላይ በአቶ ክፍሌ ሽማግሌነት ታርቀን ጎንፋ "አቤቱታዬን ትቻለሁ" ብሎ ፈርሟል። ሦስት ሽማግሌ የፈረመበት ወረቀት እጄ ላይ ነው። በሽማግሌ ያለቀ ነገር እንዴት እንደገና ይነሳል?

የሞተን ሰው ምን ይጎዳዋል? እኔ ግን አለሁ። ልጆቼም አሉ።

ቫን ቁጥር አራትን ማንም ሹፌር አልነዳም ስላለ እኔ ነኝ የምነዳው። እኔ አጭር ነኝ፣ ወንበሩን ወደፊት እስበዋለሁ። ጠዋት ስገባ ወደ ኋላ ተገፍቶ አገኘዋለሁ፣ እንደ ጎንፋ ላለ ረጅም ሰው። ምናልባት ሙሊሳ ይሆናል፣ እሱም ረጅም ነው። አልጠየቅሁትም። አይደለሁም ቢለኝስ ብዬ እፈራለሁ።

ኢብሲቱ


አስኮ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢብሲቱ። ጤናሽን ያብዛልሽ።

የጠየቅሽኝን አልጽፍም። ጎንፋ እንዲህ ብሎ አልነገረኝም። እሱ ያለው መጠይቁ ላይ ያለው ነው፤ አንቺም ሐሰት ነው አላልሽኝም።

አሁን ግን የአንቺን ነገር ልተወውና ስለ ራሴ ልጠይቅሽ። አቶ ክፍሌ ያልሽው እዚያ አገር ያለው ያ የወዳጅ ዘመድ ሽማግሌ ነው አይደል? ደብዳቤሽን ባነበብኩ ቀን የዕለት መዝገቤን አወጣሁ። ጡረታ ብወጣም በየቀኑ ሁለት መስመር መጻፍ አልተውኩም። ኅዳር 9 ቀን 2016 ላይ እንዲህ ይላል፤ "ክፍሌ ከአሜሪካ ደወለ። ልጆቹ በትንሽ ነገር ተቃቅረዋል አለ። ጎንፋን መከርሁ፤ እሺ አለ።"

ትንሽ ነገር ነው ያለኝ። ምንድነው ብዬ አልጠየቅሁም። ዘመድ ከዘመዱ ሲጣላ ነገሩን መመርመር ነውር መሰለኝ። ለጎንፋ ደውዬ ምን እንዳልኩት ቃል በቃል አስታውሳለሁ። "ከእህትህ ጋር ቢሮ ለቢሮ አትካሰስ። ያጎረሰችህን እጅ አትንከስ። የያዝከውን ወረቀት ተወው" አልኩት። "አባዬ፣ ወረቀቱ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?" አለኝ። "ምንም ይሁን" አልኩት። "እሺ" አለኝ።

ኅዳር 9 በፈረንጅ ኖቬምበር 19 ነው። መጠይቁ ላይ ቀን የጻፈበትና ያልፈረመበት ዕለት ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ። ተወው ያልኩት ወረቀት ይህ ነበር ወይ? አዎ ወይም አይደለም በይኝ። ከዚያ በኋላ ጎንፋ የት አደረ፣ እንዴት ሞተ፣ የምታውቂውን ሁሉ ጻፊልኝ። በጡረታ ዘመኔ ውሸት ለመስማት ጊዜ የለኝም።

ኤጀታ


ኒው ሆፕ፣ ጃንዋሪ 12, 2025

ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎት። ምርቃት ጽፌ ሰረዝኩት፤ የእኔ ምርቃት የት ይደርሳል ብዬ።

አዎ። ወረቀቱ እሱ ነበር።

አቶ ክፍሌ እንዲደውልልዎት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ቀን ለምነውት ጎንፋ እምቢ ብሎ ነበር። "እኔ ኢብሲቱን አልከሰስኩም፣ የሠራሁበትን ነው የጠየቅሁት" ነበር የሚለው። ከአባቱ ቃል እንደማይወጣ አውቅ ነበር። ስለዚህ ለአቶ ክፍሌ ቁጥርዎን ሰጠሁት፣ ዝርዝሩን አትንገራቸው ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ተቆጣጣሪ እንደነበሩ ስለማውቅ። ቢነገርዎት ኖሮ መጠይቁን ፈርም ይሉት ነበር።

ሽማግሌዎቹ የጻፉት ስምምነት እንዲህ ነው። ጎንፋ አቤቱታውን ይተው፤ ኢብሲቱ በጸደይ ሥራ ሲመጣ ቫን ቁጥር አራትን ትመልስለት። እሱም ጸደይን መጠበቅ ጀመረ። ሌላ ቦታ ሥራ ሲጠይቅ መጋቢት ላይ ወደ እህቴ ስለምመለስ ጊዜያዊ ነው የምፈልገው ይል እንደነበር ኩምሳ ነው የነገረኝ። እንዲህ የሚል ሰው ማን ይቀጥራል?

ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ቢሮዬ መጣ። ሻንጣ ይዟል። "ይቺን እዚህ ላስቀምጥ?" አለኝ። "ከበሩ ኋላ አድርጋት" አልኩት። ጋሼ፣ ቤት ያለው ሰው ሻንጣውን ሰው ቢሮ አያስቀምጥም። አየሁት፣ ገባኝም። የት ነው የምታድረው ብዬ አልጠየቅሁትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነብኝ። ቤቴ ውስጥ ባዶ ክፍል ነበር። ና ካልኩት በየቀኑ ቁርስ ላይ ፊቱን ማየት ሊኖርብኝ ነው፤ ያንን ፈርቼ ነው። ሁለት ጊዜ ልብስ ሊቀይር መጣ። "ብርዱ እንዴት ነው?" አልኩት፤ "ይቻላል" አለኝ።

ቡርንስቪል አንድ ትልቅ ሱቅ ፓርኪንግ ውስጥ በአሮጌ መኪናው ያድር ነበር። የካቲት 2 በእናንተ አቆጣጠር፣ በረዶው ሲወርድ ሞተሩን ለሙቀት አስነስቶ ተኝቷል። በረዶው የጭስ ማውጫውን ደፈነው። ጭሱ ነው የወሰደው። ልቡ ቆመ ያልኳችሁ እኔ ነኝ፤ ወደ ሥራም እየሄደ አልነበረም።

ስለ ሂሪንጉ ልንገርዎት። ዳኛዋ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። መጀመሪያ መስመሩ ላይ ማን ማን እንዳለ ስም ትጠራለች። እኔን ጠራች፣ ኩምሳን ጠራች። ቀጥላ "ጎንፋ ኤጀታ" አለች። መሞቱን ነገርኳት። "ለመዝገቡ ሦስት ጊዜ መጥራት አለብኝ" ብላ ጠራችው። ሦስተኛው ላይ ሰው ሲገባ የሚሰማው ድምፅ "ቲን" አለ። "ማን ነው የገባው?" አለች። መልስ የለም። የሞተር ድምፅ የመሰለ ነገር ብቻ ይሰማል፣ ቆሞ የሚሠራ መኪና። ኩምሳን በኋላ "ወጥተህ ገብተህ ነበር?" አልኩት፤ "አልወጣሁም" አለኝ። የተሳሳተ ቁጥር ይሆናል። ድምፁ እስከ መጨረሻው አልጠፋም።

ከዚያ ጥያቄዎቹን ጀመረች። ሰዓቱን ማን ይወስናል፣ መኪናው የማን ነው፣ በሱ ፈንታ ሌላ ሰው መላክ ይችላል ወይ። የእርስዎ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ያድነኛል ያልኩትን የሽማግሌዎች ወረቀት አስተርጉሜ ልኬላት ነበር። አነበበችውና "በዚህ ስቴት ሠራተኛ ይህን መብቱን ፈርሞ መተው አይችልም፣ ማንም ሽማግሌ ቢኖር" አለች። ቀጥላ፣ "እዚህ ላይ ቫኑን እመልስለታለሁ ብለሻል። የምትሰጪውም የምትነሺውም አንቺ ነበርሽ ማለት ነው?" አለችኝ። እኔ ወረቀቱን የላክሁት ነገሩ በሽማግሌ አልቋል ለማለት ነበር። የመሰከረብኝ እሱ ራሱ ሆነ።

ጠበቃዬ ዝም በይ እያለኝ "አዎ፣ ሠራተኛዬ ነበር" አልኩ። "የሠራተኛ ስም የከለከልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ያን የሞተር ድምፅ እየሰማሁ ሌላ ቃል ሊወጣኝ አልቻለም።

ተፈርዶብኛል። ቤቱ ለሽያጭ ወጥቷል። አላማርርም። በጎንፋ መዝገብም ላይ ተወስኗል፤ ሠራተኛ ነበር ተብሏል። በሕይወት ሳለ ይገባው የነበረው ለወላጆቹ ይሰጣል ይላል ሕጋቸው፣ ሚስትና ልጅ ስለሌለው። ፎርሙን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። እርስዎም እትዬም ትፈርማላችሁ። አንድ የሚሞላ ቦታ አለው፣ አመልካቹ መጠይቁን በጊዜው ያልመለሰበት ምክንያት የሚል። እዚያ ላይ የእኔን ስም ይጻፉ። ከእርስዎ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ለመጠየቅ እንኳ ገና ነኝ።

ኢብሲቱ


አስኮ፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢብሲቱ። ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለልጆችሽ ይሁን። ቤታችሁ ቢሸጥ የምትጠጉበት እግዚአብሔር አያሳጣችሁ፤ ይህን ከልቤ ነው የምልሽ።

የጎንፋን ሙት ዓመት የካቲት 2 ቀን አወጣን። ጎረቤት ሁሉ መጣ። ያን ቀን ምንም አልተናገርኩም። በማግስቱ ወርቂቱን አስቀምጬ ደብዳቤሽን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። ስለ ጭሱ ሳነብ አላለቀሰችም። ስለ ሻንጣው ሳነብ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ነጠላዋ እስኪርስ አለቀሰች።

ቀጥዬ ፎርሙን አነበብኩላት። ምክንያቱ ምንድነው የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ "እሷ ስሜን ጻፉ አለች እንጂ ተው ያለው ማን ነው?" አለችኝ። አንቺ የጻፍሽውን መልሼ ላነብላት እችል ነበር፤ ክፍሌ እንዴት እንዳታለለኝ፣ አንቺ እንዴት እንዳስደወልሽ። እውነትም ነው። ነገር ግን ቃሉ የወጣው ከእኔ አፍ ነው።

"እኔ ነኝ" አልኳት።

"ሥራ እንደሌለው ታውቅ ነበር?"

"አላውቅም። አልጠየቅሁትም።"

"ሃያ ሰባት ዓመት የሰውን ልጅ ሁሉ ሰዓትህ ስንት ነው፣ ደመወዝህ ስንት ነው፣ ማን በደለህ እያልክ ስትጠይቅ ኖረህ፣ የራስህን ልጅ ግን ምን ሆነሃል አላልከውም?" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ምግቤን ታቀርባለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ ቃል ግን የለም። ዛሬ ሃያኛ ቀኑ ነው። ስለ ልጄ አብራኝ የምታነሳ እሷ ብቻ ነበረች፤ አሁን ባንድ ቤት ሁለት ሆነን ለየብቻ እናለቅሰዋለን። አንቺን ይቅር እንድልሽ መጀመሪያ እኔ ይቅር መባል አለብኝ፤ እሱ ደግሞ በእሷ እጅ ነው። ስለዚህ ጠብቂ፤ እኔም እየጠበቅሁ ነው።

ፎርሙን ሞልቼ በዚህ ውስጥ ልኬዋለሁ። አመልካቹ በጊዜው ያልመለሰበት ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ የአንቺን ስም አልጻፍኩም። በእንግሊዝኛ "አባቱ ተው ስላለው" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

የእናት ፊርማ የሚለው ባዶ ነው። የአሻራውን ቀለም ባቀርብላት ጣቷን ሰብስባ ያዘች። ቢሮው ለምን ባዶ ሆነ ብሎ ከጠየቀሽ፣ እናቱ በሕይወት አሉ፣ አልፈርምም ብለው ነው በያቸው።

ኤጀታ